ሬዲዮ ታሪክ ስትፈተን

በሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠሩት ሁሉ «ሬዲዮ» ይሏታል። ማጥፊያው የተሰበረ ሬዲዮ ማለታቸው ነው። እሷ አይከፋትም። አንሶላውን ከማድረቂያው አውጥታ፣ ከጓደኛዋ ጋር ጫፍና ጫፉን ይዛ እያጠፈች የአንድ ሠርግ ጠብ ስትጀምር፣ ክምሩ ያልቃል እንጂ ጠቡ አያልቅም። ሙሽራው ከመምጣቱ በፊት የሙሽራው አጎት ጫማውን ከየት እንደገዛ መስማት ግድ ነው። ሰዉም ጆሮውን አይነፍጋትም፤ ወሬዋ ይጣፍጣላ!

እንግዲህ ይህችው ሴት ናት፣ ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ወደ ካርድ ክፍል ልዛወር ብላ ያመለከተችው። ካርድ ክፍል ወንበር አለ። እንፋሎት የለም፤ እርጥብ ብርድ ልብስ ተሸክሞ ደረጃ መውጣት የለም። የሠራተኛ አስተዳደሩ ግን የመልቀቂያ ፈተና ያለፈ ሰው ነው የምንፈልገው አላት። የማታ ትምህርት ገባች። ሒሳቡን እየተሳደበች አለፈችው፤ ባዮሎጂውንም እንደምንም ተገላገለችው። ታሪክ ላይ ስትደርስ ወደቀች። ሲያወራ የሚውል ሰው ታሪክ ከበደው ሲባል ልብስ ማጠቢያው በሳቅ ሞተ።

የመጀመሪያውን ጊዜ ዓመተ ምሕረቱንም፣ የንጉሡንም ስም፣ የውሉንም አንቀጽ አንድ ሳታስቀር ሸምድዳ ነበር የሄደችው። ወረቀቱ ፊት ስትቀመጥ ሁሉም ተደባለቀባትና አንዱን ጦርነት ከመጀመሩ በፊት ጨረሰችው።

የታሪክ አስተማሪዋ ኮቱ ትከሻው ላይ የሚሰፋው ቀጭን ወጣት ነው። ወረቀቷን አይቶ አዘነላት። «እትዬ፣ ከሁሉም ነገር ቁንጥር ቁንጥር ከሚይዙ ይልቅ ጥቂት ጉዳዮች ይምረጡና እስከ ሥር መሠረታቸው ድረስ ይወቋቸው» አላት። ምክሩ ደግ ነው፤ የተሰጣት ሰው ግን ሬዲዮ ነች።

የመረጠችው የባቡር ጥገና ሠራተኞችን አድማ ነበር። መማሪያ መጽሐፉ ላይ ግማሽ ገጽ ነው። እሷ ቤተ መጻሕፍት ገብታ ወፍራም ወፍራሙን እያወረደች፣ የዳቦው ዋጋ መቼ እንደናረ፣ የሠራተኞቹ ተወካዮች እንዴት እንደተባረሩ፣ ወታደሮቹ በየትኛው በር እንደቆሙ ሁሉ አወቀች። ከሁሉ በላይ ግን አንዲት የሠራተኞቹ ሾርባ ቀቃይ አገኘች። ሥራ አስኪያጁ ሾርባውን አቅጥኚው ሲላት፣ ጭልፋውን ሞልታ ባርኔጣው ላይ የደፋችበት ሴት ናት። ሬዲዮ በዚህች ሴት ፍቅር ወደቀች። ከዚያ ወዲህ አንሶላ የሚያጥፉት ሁሉ ከእሷ ጋር ሾርባ ሲቀቅሉ ዋሉ።

ሁለተኛው ፈተና መንግሥት ለሠራተኛው እንቅስቃሴ የሰጠው ምላሽ ምን ያህል ውጤታማ ነበር ብሎ ጠየቀ። ሬዲዮ ከሾርባው ሽንኩርት ጀመረች። ደወሉ ሲደወል ሥራ አስኪያጁ ገና ባርኔጣውን እየጠረገ ነበር።

ወደቀች። ፈተናው ደግሞ ሦስት ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው፤ ከዚያ በኋላ ወንበሩ የሌላ ሰው ነው፣ እሷም ጉልበቷ እስኪከዳት ከብርድ ልብሱ ጋር ትቀራለች።

«ጉዳዩንስ አውቀውታል» አላት አስተማሪው። «ጥያቄውን ግን አልመለሱም። ፈታኙ ‹ለምን› ብሎ ሲጠይቅዎት፣ እርስዎ ‹ከዚያስ› ያለዎት ይመስልዎታል።»

«ታዲያ ያን ሁሉ ያነበብኩት ምን ሊሠራልኝ ነው?»

«ሊመርጡበት ነዋ! መጀመሪያ አቋምዎን ይናገሩ፤ ከዚያ ከአድማው ውስጥ ያንን የሚደግፈውን ብቻ ያውጡ። የሚቃወመውም ካለ አይደብቁት። ሌላውን ይተዉት።»

«ሴትዮዋንም?»

«ስለ እሷ ካልተጠየቁ፣ አዎ።»

አረመኔ፣ አለችው በሆዷ።

ባሏ ጎሚስታ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ የሚውል፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው። መላውን ያመጣው ግን እሱ ነበር። የድሮ ፈተና ጥያቄዎችን በቁራጭ ወረቀት አስጻፋትና ባዶ የግራሶ ቆርቆሮ ውስጥ ከተታቸው። በምሳ ሰዓት ወደ ጋራዡ ስትመጣ አንዱን ያወጣል፣ ያነባል፣ የኮምፕረሰሩን ቱቦ ጎማ ላይ ይሰካል። ጎማው እስኪሞላ መልሳ መጨረስ አለባት።

«ሞላ» ይላታል።

«ገና ዳቦው ጋ ነኝ እኮ!»

«ሞላ አልኩሽ።»

አንድ ቀን የብስክሌቱን ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ፖስተኛ ጥጉን ይዞ ሲያዳምጥ፣ ሬዲዮ ሳታስበው ወደ ሾርባዋ ዞረች። «ባርኔጣው ላይ?» አለ ፖስተኛው ዓይኑ ፈጦ። «ከዚያስ?»

«አንተ ደግሞ አታበረታታት!» ብሎ ባሏ ሲቆጣ፣ ሁለቱ ሲከራከሩ፣ አየር እየሞላ የነበረው የብስክሌቱ ጎማ ጧ ብሎ ፈነዳ። ፖስተኛው በእግሩ እየሄደ ደብዳቤውን አደለ፤ ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳለ ግን ሳይሰማ አልሄደም።

ቀስ በቀስ ገባት። ስለ ኑሮ ውድነት ሲጠየቅ ዳቦውን፣ ስለ አመራር ሲጠየቅ የተባረሩትን ተወካዮች፣ ስለ መንግሥት ሲጠየቅ በሩ ላይ የቆሙትን ወታደሮች ታወጣለች። አድማው ያው አንዱ አድማ ነው፤ የምታወጣው ግን እንደ ጥያቄው ይለያያል። ጎማው ሳይሞላ የምትጨርስበት ቀን መጣ። በልቧ ግን ስለ ሴቶች ሚና የሚል ጥያቄ ይመጣልኝ እያለች ትጸልይ ነበር።

አልመጣም። የመጣው «ለእንቅስቃሴው መነሣት ዋናው ምክንያት የኑሮ ውድነት ነበር በሚለው ይስማማሉ?» የሚል ነው። በከፊል፣ ብላ ጻፈች። ዳቦው ሲወደድ ሠራተኛው አጉረመረመ እንጂ ሥራ አላቆመም፤ ያቆመው ከወራት በኋላ ተወካዮቹ ሲባረሩ ነው፤ ስለዚህ ረሀቡ አዘጋጀው፣ መናቁ አስነሣው። እጇ ግን ሳትነግረው «አንዲት ሾርባ ቀቃይ» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ሬዲዮ ብዕሩን ከወረቀቱ አነሣች። ከዚያ በአንድ መስመር ሰረዘችው። ደወሉ ሳይደወል ጨርሳ ወጣች።

ውጤት የወጣ ዕለት ጋራዡ ገብታ ዝም አለች። ከባሏ እጅ የጎማ መፍቻው ወደቀ። ይህች ሴት ዝም ስትል አይቷት አያውቅማ!

«ወደቅሽ?»

ራሷን ነቀነቀች፤ አይደለም።

«አለፍሽ?»

አዎ።

«ታዲያ ምን ሆነሻል?»

«ሰረዝኳት» አለች እንባዋ እየቀደማት። «ወንበሩን እኔ አገኘሁ፣ እሷን ግን አንድ ቃል ሳልጽፍላት ሰርዣት መጣሁ።»

ባሏ ያንን ታሪክ ፖስተኛው ደብዳቤ ካደለበት ጊዜ በላይ ሰምቶታል። ሄዶ ኮምፕረሰሩን አጠፋው። በሩን ገርበብ አድርጎ ሁለት አሮጌ ጎማ አንከባለለ፤ አንዱን ለእሷ አጋደመላት፣ አንዱ ላይ እሱ ተቀመጠ።

«ንገሪኝ» አላት።

«ከየት ልጀምርልህ?»

«ከሽንኩርቱ» አለ። «ዛሬ የሚሞላ ጎማ የለም።»