ለኳስ የተሳለ ሻማ

በሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ወንድሜ የአሰበ ተፈሪ ተማሪ ቤት ቡድን አጥቂ ሆኖ ነበር። እኔ ደግሞ ከክፍሌ ሴቶች በሩጫ የሚቀድመኝ አልነበረም። ቤታችን ግን ወሬው ሁሉ ኳስ ሆነ። እናቴ ማልያውን ስታሰጣ የቄስ ካባ የያዘች ነበር የምትመስለው። በቅናት አንጀቴ ያርር ነበር፤ ዛሬም ሳነሳው ያርራል።

ከበዴሳ ልጆች ጋር ሊጋጠሙ ሲሉ እናቴ ለማርያም ሻማ ተሳለችለት። አባቴ ሳቀባት።

«ለኳስም ይሳላል እንዴ? የበዴሳ እናቶችም ቢሳሉ ማርያም የማንን ትስማ?»

«ቀድሞ የለመናትን ነዋ» አለች።

በረኛው የጎረቤታችን ልጅ ነበር። እናቱ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ሰማችን።

«እኔም ዱዓ አድርጌያለሁ» አለች። «ያንቺ ልጅ ያግባ፣ የኔ ልጅ ያድን። ኢንሻአላህ።»

ሁለቱ እናቶች ሜዳውን ተከፋፍለውት አረፉ።

የእኔም ሩጫ በዚያው ቀን ነበር። አንደኛ የወጣችው ሐረር ሄዳ ከጠቅላይ ግዛቱ ልጆች ጋር ትወዳደራለች። ስለዚህ ግን ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። አላስችል አለኝና እናቴን «ለእኔስ አትሳይም?» አልኳት።

«ያንቺን እኔና ማርያም እናውቃለን» አለችኝ። ማባበያ መሰለኝ።

እስከ መጨረሻው መራሁ። ገመዱ ጋ ልደርስ ስል ከሂርና የመጣች ልጅ ቀደመችኝ። ከሰዓት በኋላ ወንድሜ አገባና ትከሻ ለትከሻ ዞረ፤ እናቴም እልል አለች። እኔ ከመማሪያ ክፍሎቹ ጀርባ ሄጄ ብቻዬን አለቀስኩ። የተሳሉለትማ ለምን አያሸንፍ!

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ እናቴ ሁለት ሻማ ይዛ ወጣች፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም።

«ቀጭኑ የወንድምሽ ነው» አለች።

«ወፍራሙስ?»

«ያንቺ።»

ደስታዬን የት ላድርገው። ለካ ተስላልኛለች፤ ያውም ከሱ አስበልጣ። ቀጥሎ ግን ነገሩ አልገባ አለኝ።

«እኔ እኮ ተሸነፍኩ፣ እማዬ።»

«አዎ» አለች ነጠላዋን እያስተካከለች። «ሴት ልጅ ሐረር ድረስ ሄዳ ከማላውቀው ሰው ቤት ከምታድርብኝ ብትሸነፍ ይሻለኛል ብዬ ነው የተሳልኩት። ስለቴ ሰመረ። በይ ያንቺን ራስሽ ያዢው፤ እንዳይሰበር።»

ወፍራሙን ሻማ ታቅፌ ከኋላዋ ተከተልኳት። ቤተ ክርስቲያኑ በር እስክንደርስ ዓይኔ ከቀጭኑ ላይ አልተነሳም።