የገዳሙ በር መቃን

አባቴ ከጎንደር ይዞት የመጣው መሮ እስራኤል አገር፣ ኔታንያ ከተማ ውስጥ አንድ ድንጋይ ሳይነካ ዛገ። ሰሞኑን ከመሳቢያ ሳወጣው ዝገቱ መዳፌ ላይ ቀረና የአራተኛ ክፍሉን ቲዩል፣ የትምህርት ቤቱን ሽርሽር፣ አስታወሰኝ።

ልጅ እያለሁ ቲዩል ማለት ቸኮላት የተቀባ ዳቦና የአውቶቡስ ዘፈን ነበር። ያን ቀን ከወላጆች መሀል ሊያጅበን የመጣው አባቴ ነው፤ በፖሌግ ፋብሪካ ካርቶን ሲሸከም የከረመ ወገቡን እየደገፈ። የሄድነው ወደ ኢየሩሳሌም በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለ የቤኔዲክት መነኮሳት ገዳም ነበር። መስቀል ጦረኞች የገነቡት፣ ግድግዳው እንደ ምሽግ የወፈረ፣ ከሥሩ ምንጭ የሚፈልቅ ቤት ነው። ውስጡ እርጥብ ድንጋይና ሰም ይሸታል። ግድግዳው ላይ የተሣሉት ቅዱሳን ፊታቸው ተፍቆ ነበር።

አባቴ ግን ከበሩ አላለፈም። የመቃኑን ድንጋይ በጣቱ ዳሰሰ፣ ጎንበስ አለና ሳመው። አንዱ ልጅ በዕብራይስጥ "ክርስቲያን ነው!" ብሎ ጮኸ። አያቶቻችን ተጠምቀው ስለነበር ወደ ይሁዲነት መመለሳችንን የሚያጸድቀው የራቢዎች ፍርድ ቤት፣ ቤት ዲን ፊት የምንቀርበው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር። ጎንደር የቤተ ክርስቲያን በር መሳለም ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይህ ወሬ ራቢዎቹ ጆሮ ከደረሰ አለቀልን።

"አባዬ መዙዛ ያለ መስሎት ነው!" አልኩ፤ አይሁድ በር መቃን ላይ ለጥፈው ሲገቡ የሚስሙትን የቃል ጥቅልል ማለቴ ነበር። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ሞራ የምንላት አስተማሪያችን ቤተ ክርስቲያን መዙዛ እንደሌለው ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ አስረዳችው። እሱም "ስሊኻ"፣ ይቅርታ፣ ብሎ አንገቱን ደፋ።

አውቶቡሱ ኔታንያ ሊደርስ ሲል ነው የተናገረው።

"ቤተ ክርስቲያኑን አልሳምኩም ልጄ። የጠራቢውን እጅ ነው የሳምኩት። የመሮው ጭረት አለ እኮ፣ ዛሬ የጠረበው ይመስላል። የጎንደርን ግንብም የኛ ሰዎች ናቸው የጠረቡት፤ እኔም ጠራቢ ነበርኩ።"

የተኛሁ አስመሰልኩ።

ቤት ዲኑን አለፍን። አባቴ ግን ከካርቶን በቀር ሌላ ሥራ ሳያገኝ ጡረታ ወጣ። እኔ ዛሬ ክፋር ዮና ነው የምኖረው፤ ሲያንኳኩት ባዶ የሚጮህ ግድግዳ ባለው አፓርታማ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ይቅርታ ልለው ስንቴ ጀምሬ ደከመኝ። ዓርብ ዓርብ እኔ ዘንድ ሲመጣ የቤቴ በር ላይ ቆም ይላል። እጁን ወደ መዙዛው ከመስደዱ በፊት፣ ዛሬም ድረስ፣ ቀና ብሎ የኔን ፊት ያያል።