አብሮ የሚበላ ሰው

ሰቆጣ ገበያ ጨርቅ የሚሸጡ ሴቶች ሞልተዋል፤ ወፍራሟ ግን ዘኪያ ብቻ ናት። እንግዳ ሰው ሱቋን ቢጠይቅ «ያችውልህ፣ ወፍራሟ» ብለው ያሳዩታል። ስድብ አይደለም፤ ሙገሳ ነው። ዝናብ አንድ ዓመት መጥቶ ሁለት ዓመት በሚቀርበት አገር የሴት ውፍረት የጓዳዋ ምስክር ነው። ጉልበቷ እንደሚከዳት፣ ከሱቅ እስከ ቤቷ ያለችውን አቀበት ሦስት ቦታ ቆማ እንደምትወጣ፣ ስኳሩ ዓይኗን ማደብዘዝ እንደጀመረ ለመመስከር ግን የመጣ የለም።

ዘኪያ ከጦርነቱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አዲስ አበባ ሄዳ ጨጓራዋን በኦፕራሲዮን አስቀንሳ ነበር። ከአራት እጅ ሦስቱን ያህል ቆርጠው አወጡላት። አብሯት የፈረመው እዚያው የሚኖረው ወንድሟ ከሪም ነው። ለሰቆጣ የተነገረው «የሐሞት ጠጠር» ነው። ምን ታድርግ? ሰው የእርዳታ ስንዴ ለመቀበል ፀሐይ ላይ ተሰልፎ በሚውልበት ከተማ «ምግብ በዝቶብኝ ሆዴን ላስቆርጥ ሄጄ ነበር» ተብሎ በምን አፍ ይወራል!

በስምንት ወር ውስጥ ሠላሳ አምስት ኪሎ ቀነሰች። ጉልበቷ ተፈታ፣ እንቅልፏ ተመለሰ፣ አቀበቱን ሳትቆም ወጣችው። ደስታዋን ሳትጨርስ ግን አገሩ በቁሟ ያለቅስላት ጀመር። ባሏ ሚፍታሕ የሞተው ከኦፕራሲዮኑ አንድ ዓመት በፊት ነበር፣ በጉበት። ሰው ሆዬ የባልን ሞትና የሚስትን መክሳት ደመረና «እሱም በዚያው ነው የሞተ፤ እሷም ይኸው» አለ። ኤድስ የሚለውን ስም ማንም አልጠራም፤ «ያ ነገር» ነው የሚሉት። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ዛሬ ከማንም በላይ ወዝቶ እንደሚኖር ነርሶቹ እስኪሰለቻቸው ቢናገሩ ማን ሰምቷቸው! ተመርምራ ነጻ መሆኗን አውቃለች፤ ታዲያ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጥፋ አትዞር ነገር። ጎረቤቶቿ ሊጠይቋት መጡ፤ ሻይ ስትቀዳላቸው ሁሉም «አሁን ጠጥተን ነው» ብለው ብርጭቆውን መለሱላት።

ይህንን ትችለው ነበር። ያልቻለችው የሪሃናን ነው። አንድያ ልጇ ሪሃና ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እያለቀሰች ገባች፤ አብራት የምትቀመጠው ልጅ «እናቴ ከሷ ጋር አትቀመጪ ብላኛለች» ብላ ወንበር ቀይራባት ነበር። ሪሃና እንባዋን ጠረገችና እንጀራውን በቅቤ አርሳ፣ ጠቅልላ፣ ወደ እናቷ አፍ ዘረጋች።

«እማ፣ ለኔ ስትይ ብዪ።»

ዘኪያ በላች። የተቆረጠ ሆድ ብዙ አይቀበልምና ሦስተኛው ጉርሻ ላይ አስመለሳት። በማግስቱም በላች፤ በማግስቱም አስመለሳት። ኋላ ግን ጠንካራው እምቢ ሲል ፈሳሹ እንደሚያልፍ ደረሱበት፤ ቅቤ የበዛበት አጥሚት፣ ለስላሳ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ነጩ የዋግ ማር። ማሩ ሳያስቸግር ይወርዳል። ጠዋት ሦስት ማንኪያ፣ ቀን ሦስት፣ ማታ ሦስት፤ የምታጎርሳት ሪሃና ናት። ጦርነቱ መጥቶ ከተማው በሙሉ ሲከሳ ዘኪያም ከሰው እኩል ከሳች፤ ያን ጊዜ ማንም «ምን ሆነሽ» አላላትም። ጦርነቱ ሲያልፍ ማሩ ተመለሰ፤ ከማሩ ጋር ሥጋዋ፣ ከሥጋዋ ጋር ሰዎቹ ተመለሱ። «አልሐምዱሊላህ፣ አሁን ሰው መሰልሽ» ብለው ሻዩን ጠጡላት።

ዘንድሮ ሰውነቷ በቃኝ አለ። እንደገና አዲስ አበባ ሄደች። ዶክተር ጸሐዩ የሚባል ወጣት ሐኪም በካሜራ ሆዷን አይቶ ፊቱን አጠቆረ።

«ተለጥጧል» አላት። «ድጋሚ መሥራት ይቻላል፤ ግን ከመጀመሪያው ይከብዳል። ጠባሳ ላይ ነው የምንቆርጠው። ተዘጋጅተው ይምጡ።»

ዝግጅቱን በወረቀት ሰጣት። በሁለት ወር ስምንት ኪሎ መቀነስ፣ የበላችውን ሁሉ በደብተር መጻፍ፣ የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ደግሞ ፈሳሽ ብቻ፣ ያውም ቅቤና ስኳር የሌለበት። ከግርጌ ሁለት ባዶ መስመሮች አሉ። አንደኛው «ክብደቱ የተመለሰበት ምክንያት» ይላል። ሁለተኛው «ከታካሚዋ ጋር የሚኖርና አብሮ የሚበላ ቤተሰብ ስም» ይላል።

«ወንድሜ ከሪም ይፈርማል» አለች ዘኪያ።

«ወንድምዎ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። እኔ የምፈልገው ከእርስዎ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበላ ሰው ነው። ምክንያቱንም ሳላውቅ ሁለተኛ አልቆርጥዎትም።»

«ጣፋጭ እወዳለሁ።»

«ጣፋጭ ስለወደደ ብቻ እያስመለሰው የሚበላ ሰው አላየሁም» አለና ወረቀቱን ከነባዶው መለሰላት።

ሰቆጣ ተመልሳ ስድስት ሳምንት ሙሉ ተዘጋጀች። ደብተሩ ላይ «ጠዋት አንድ እንቁላል፣ ቀን አንድ ጭልፋ ምስር» እያለች በትምህርት ቤት ልጅ ጽሕፈት ሞላችው። ሰባት ኪሎ ወረደ። ጣቷን አንቆ ይዞ የነበረው ቀለበት መዞር ጀመረ፤ እሷም ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ስትሆን እያዞረች ትስቅ ነበር። ሪሃናን «ሐኪሙ ለስኳሩ ቀንሺ ብሎኝ ነው» ብላታለች።

ክፋቱ፣ የሪሃና ጋብቻም በዚሁ ሰሞን ነው የመጣው። ዓሊ ይባላል ልጁ፤ የአምደወርቅ ነጋዴ ቤተሰብ ነው። ተዋደዋል፣ ሽማግሌ ተልኳል፣ የሁለቱም ደም ተመርምሮ ነጻ ሆኗል። የቀረው የኒካሁን ቀን መቁረጥ ነው፤ ለሱም የዓሊ እናት ሐጃ ዓሚኔ እሑድ ምሳ ሊመጡ ቀጠሮ ይዘዋል። «ዘኪያ ደግሞ ከሳች» የሚለው ወሬ ግን ከማንም ሚኒባስ ቀድሞ አምደወርቅ ገብቶ ነበር። ሐጃ ዓሚኔ በሰው ላኩባት፤ «ልጅቱ ተመርምራለች፣ ደግ። እናቷስ?» የዘኪያ ወረቀት የዱሮ ነው፤ ዛሬ ሄዳ ብትመረመር ደግሞ «ጠርጥራ ነው» ያሰኛል።

እሑድ ለዘኪያ ፈሳሽ ብቻ ከሚባለው ሁለት ሳምንት ሦስተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ዓርብ፣ ከጁምዓ በፊት ከሪሃና ጋር ሱቅ ሊዘጉ ጣቃ ሲያጥፉ፣ አፏን አውጥታ ተናገረች።

«ሪሁ፣ ያኔ የተቀደድኩት ለሐሞት ጠጠር አልነበረም።»

ሪሃና ማጠፏን አላቆመችም። «አውቃለሁ እማ።»

«ምኑን ነው የምታውቂው?»

«ሆድሽን ነዋ። አጎቴ ከሪም ነግሮኛል።»

«መቼ?»

«ያኔ። እንደተመለስሽ ሰሞን ደውሎ፣ ብዙ እንዳትበላ አንቺ ጠብቂልኝ ብሎኝ ነበር።»

ዘኪያ ጣቃው ላይ ተቀመጠች። ከፊቷ ያ ሁሉ ማንኪያ ተሰለፈባት። ተናደደች፤ እንዲህ ተናዳ አታውቅም፤ ባሏ የሞተ ዕለት እንኳ በዚህ ዓይነት አልነደደችም።

«ማሩን እያወቅሽ ነው ያጎረስሽኝ?»

«አንቺስ እያወቅሽ አልነበር የዋጥሽው?»

«ለአንቺ ብዬ ነዋ!»

«እኔም ለአንቺ ብዬ ነው። ሰው ሁሉ ትሞታለች፣ ትሞታለች ሲል...» አለችና ሌላ ጣቃ ማጠፍ ጀመረች። ዓይኗን ሳታነሳ «ለራሴም ብዬ ነው» አለች።

ዘኪያ የሐኪሙን ወረቀት አውጥታ ሰጠቻት። ሪሃና ሁለቱን ባዶ መስመሮች አነበበች።

«እፈርምልሻለሁ፣ አዲስ አበባም አብሬሽ እሄዳለሁ፣ ወላሂ። ኒካሁ ይለፍ ብቻ። እሑድ እሳቸው ፊት ብዪልኝ።»

«ቀጠሮው ያልፋል። ስኳሩ እኔን ይጠብቃል? መንገዱስ በሌላ ጊዜ ክፍት ይሁን አይሁን ማን ያውቃል? ይልቅ እውነቱን እንንገራቸው።»

«ሆዷን አስቆርጣ ነው የከሳች ብንላቸው ያምናሉ? በዚህ አገር?»

ከስድስት ዓመት በፊት ለከሪም ይህንኑ ያለችው ራሷ ዘኪያ ናት።

እሑድ ሐጃ ዓሚኔ መጡ። ቀጭን፣ መቁጠሪያቸው ከእጃቸው የማይለይ፣ ዓይናቸው ግን ከመቁጠሪያው ጋር የማይቆጥር ሴት ናቸው። ሰላም ሲሉ የዘኪያን አንጓ ለቀም አድርገው ያዙና ቶሎ አልለቀቁም።

«ምነው ከሳሽሳ፣ ዘኪያ?»

«ሩጫው ነው፣ ሐጃ። የሱቁ ነገር...»

ትሪው ቀረበ። ቅቤ የጠጣ የፍየል ሥጋ፣ ሩዝ፣ ዳር ላይ አንድ ሳህን ነጭ ማር። ሐጃ ዓሚኔ እጃቸውን ታጥበው ሲያበቁ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት።

«እናትዮዋ ስትበላ ሳላይ እኔ አልቀምስም» አሉ፣ እየሳቁ። ሳቁ ሳቅ አልነበረም።

ሪሃና እንጀራ ቆርሳ ሥጋውን ጠቀለለች። ቅቤው በአንጓዋ ወረደ። ወደ እናቷ አፍ ዘረጋችው።

«እማ፣ ለኔ ስትይ ብዪ።»

ያ የዱሮው ቃል ነው፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ዘኪያ ልጇን አየቻት። በጥፊ ልትላት ፈለገች፤ ልታቅፋትም ፈለገች። አፏን ከፈተች። ሁለተኛው መጣ፣ አራተኛው መጣ። ሆዷ እንዲመልሰው በውስጧ ለመነችው፤ ዱሮ አዲስ የተቆረጠ ሰሞን ቢያንስ እምቢ ይልላት ነበር። አሁን ግን ጸጥ ብሎ ተቀበለ። እሷን ያቃጠላት ከሁሉ በላይ ይኸው ነው።

«አልሐምዱሊላህ! ደህና ሴት ናት እንጂ፤ የሰው አፍ ክፉ ነው» አሉ ሐጃ ዓሚኔ፣ እጃቸውን ወደ ትሪው እየሰደዱ። ኒካሁ ከአሥር ቀን በኋላ ረቡዕ እንዲሆን ተስማሙ። የኦፕራሲዮኑ ቀጠሮ በማግስቱ ሐሙስ፣ የሁለት ቀን መንገድ ርቆ አዲስ አበባ ነው።

ሐጃ ዓሚኔ ለዐስር ሶላት ሲወጡ ዘኪያ ደብተሯን ከፈተች። «እሑድ። ምሳ፦ ዘጠኝ ጉርሻ፣ ከልጄ እጅ። ማር ሦስት ማንኪያ» ብላ ጻፈች። ከዚያ የሐኪሙን ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። አብሮ የሚበላ ቤተሰብ በሚለው መስመር ላይ «ሪሃና ሚፍታሕ» ብላ ሞላች። ቀጥሎ ወደ ምክንያቱ መስመር መጣች። ጎረቤቶቿን አሰበች፣ ሐጃ ዓሚኔን አሰበች፣ ያችን ወንበር የቀየረች ልጅ አሰበች፤ መስመሩ ግን ጠባብ ነው፣ ይህን ሁሉ አይዝም። ያንኑ ስም ደግማ ጻፈችው። አንብባው ስታበቃ ራሷን ጠላች፤ ልትሰርዘው ግን አልቻለችም።

ሪሃና ከማጀት ተጣራች። «እማ፣ ነገም ከመሄዳቸው በፊት ለስንብት ብቅ ይላሉ፤ ፊትሽ ደህና እንዲመስል... ማር ተርፏል፤ ላምጣልሽ?»

ዘኪያ ወረቀቱን አጥፋ ደብተሩ ውስጥ ከተተችው።

«አምጪው» አለች።