የዝንብ ዘመድ ቆጣሪዋ

ነገሩ የፈጀብኝ አንድ ግመልና ግማሽ ጣቃ ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ሌላም አለ፤ እሱን መጨረሻ ላይ እደምረዋለሁ።

ባጃጅ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን ነው። ጨርቅ እሸጥ ነበር፤ ማሾ ከቆላ የሚያመጣልኝ አንድ ግመልም ነበረኝ። ግመሉ ከሳ፣ ዓይኑ ያለቅስ ጀመር። ሰዉ ሁሉ «ገንዲ ነው» አለኝ። አዲስ የተመደበችውን የከብት ሐኪም ልጠራ ስነሳ እሷው ሱቄ መጣች።

«ጋሼ፣ ሰማያዊ ጨርቅ አለዎት? ጥቁርም እፈልጋለሁ።»

«ምነው ዶክተር፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ዝንብ ልይዝበት ነው።»

ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቻለሁ፤ ለዝንብ ብሎ ጨርቅ የሚያማርጥ ግን አላጋጠመኝም። ሰማያዊው ልክ አልመጣም እያለች ከመደርደሪያው ስንቱን አስወረደችኝ። ሱቁን ዘግቼ፣ ጨርቁን ተሸክሜ እስከ ሮቢ ወንዝ ተከተልኳት። ለግመሌ ብዬ ነው፤ መጀመሪያ ላይ።

ከጊቤ በኩል ነው የመጣችው። እዚያ ከብቱን በገንዲ የሚፈጅ፣ በሌላም አገር ሰውን በእንቅልፍ በሽታ የሚጥል ዝንብ አለ፤ ሰማያዊ ሲያይ አያስችለውም። እሷ ጨርቁን ሰፍታ፣ አናቱ ላይ መረብ አድርጋ ትሰቅላለች። የተያዘውን ዝንብ እግሩን አልኮል ውስጥ ታስቀምጥና ከዚያ ዘሩን ታነባለች።

«የዝንብ ዘመድ ማወቅ ምን ይሠራል?» አልኳት።

«አንዱን ሸለቆ ብናጸዳ ከጎረቤት ሸለቆ መጥተው ይሞሉታል ወይስ አይሞሉትም? የሁለቱ ሸለቆ ዝንቦች የሚጋቡ ከሆነ ልፋታችን ከንቱ ነው። የማይተዋወቁ ከሆነ ግን ያጸዳነው እንደጸዳ ይቀራል።»

ገባኝ። የሮቢት ነጋዴ የአጣዬ ልጅ ሲያገባ ዕቃው በየት በኩል እንደሚያልፍ አውቃለሁ።

የእኛ ወንዝ ላይ መረቡ ባዶውን ነበር የሚውለው። እሷ ደስ አላት፤ ያ ዝንብ እኛ አገር የለም ማለት ነው። ባዶ ዕቃ አይቶ የሚስቅ ሰው ያን ጊዜ አየሁ። የግመሌን በሽታ ያመጣው ሌላ ተናካሽ ዝንብ ነበር። መርፌ ወጋችው፤ ግን ዘግይተን ነበር። በሞተበት ቀን ራሱ አጠገብ ቁጭ ብላ ዝንቡን ከዓይኑ ስትከለክልለት ዋለች። ከዚያ በኋላ «ጋሼ» ማለቱን ተወችው፤ እኔም ሽማግሌ ላክሁ።

በእኛ ዘንድ ከጋብቻ በፊት በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ከተገናኙ ሠርግ የለም። አባቷ ጣርማ በርን ወርደው መጡና ከአጎቴ ጋር ሱቄ ውስጥ ተቀመጡ፤ እሷም ከአባቷ ጎን ነበረች። ለካ የአባትየው ቅድመ አያት ከዚሁ ከእኛው ይፋት የወጣ ሰው ነው። አጎቴ የእኔን፣ አባቷ የእሷን እየቆጠሩ ሄዱ። አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም የአንድ ሰው ስም ጠሩ።

እኔ ሜትሬን ጨብጬ ቀረሁ።

«ቆይ፣ የእኔ ቅድመ አያት እኮ የእኚህ ሰው የደም ልጅ አይደለም» አሉ አባቷ። «የጡት ልጅ ነው። በረሃብ ጊዜ ወድቆ አግኝተውት፣ አውራ ጣታቸውን ማር ቀብተው አጥብተው ልጄ ያሉት።»

ነፍሴ ተመለሰች። «በይ ዶክተር፣ አንቺው ንገሪያቸው!» አልኳት። «በደም አንገናኝም።»

«በደም አንገናኝም» አለች።

«እንግዲያው በዝንብ ሕግ ይጋቡ» አለ አጎቴ፣ ፊቱ ሳይፈታ።

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አለቀሰች። «ዘሯን ከእግሯ የማነበው እኮ ዝንብ ቃል ስለሌላት ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ያ ሰው የወደቀውን ልጅ ባያበላው ኖሮ እኔ የለሁም። ልጄ ብሎ ምሏል። ዛሬ ለእኛ አልተመቸንም ብለን ልጅህ አይደለም እንበለው?»

በክርክር የምኖር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ሜትሬን ጠቅልዬ ለአጎቴና ለአባቷ «ሠርጉ ቀርቷል» አልኳቸው።

ጊቤ ተመለሰች። እናቴ አልጋ ላይ በዋለች ጊዜ ግን ማንም ሳይጠራት መጥታ ፀጉሯን አጠበችላት፣ «እማዬ» እያለች። አባቷ ሲያርፉ እኔ ከልጆቻቸው ጋር ለቅሶ ተቀመጥኩ። ስሞሸር ደግሞ ከቤተ ዘመድ ወገን ቆማ ሙሽራዬን፣ «ይሄን ሰውዬ ጠብቂው፤ ሰማያዊው ሁሉ ሰማያዊ አይደለም» አለቻት።

ግመሉ ሞቷል። ጨርቁ አልቋል። ሚስት ልትሆነኝ የነበረች አልሆነችም። አንዲት እህት አለችኝ።