የአባቴ ነጭ ወታደሮች

እኅቴ ከዓረብ አገር ስትመለስ ለእኔ ጫማ፣ ለአባታችን ደግሞ ካፖርትና አንድ ትልቅ ብልቃጥ የዚንክ ኪኒን አመጣች። ጫማው አልበቃኝም። ጣጣው የመጣው ግን ከብልቃጡ ነው።

አባቴ መሪጌታ ናቸው። ደብረ ታቦር ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ድጓ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ክረምት በገባ ቁጥር ጉንፋን ይጥላቸዋል፤ ድምፃቸውም ይዘጋል። ለድጓ መምህር ድምፅ መዘጋት፣ ለገበሬ በክረምት በሬ እንደ መሞት ነው።

«አባየ፣ ይኸ በሽታ የሚከላከሉትን ነጭ ወታደሮች ያበረታል» አለቻቸው እኅቴ። «የሠራሁበት ቤት እመቤት በየቀኑ ትውጠው ነበር። አንድ ቀን እንኳ ስታስነጥስ አላየኋትም።»

«የት ነው የሰፈሩት ወታደሮቹ?»

«ደም ውስጥ።»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። እዚያው ከተማችን ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ስለምሠራ፣ ቤታችን ውስጥ የደም ነገር ሲነሣ ዳኛው እኔ ነኝ።

«እውነቷን ነው?»

«ግማሹ እውነት ነው» አልሁ። «ነጭ የደም ሕዋሳት የሚባሉ አሉ። ዚንክ ያነሰው ሰው እነሱ ይደክሙበታል፤ ሲሰጡት ይበረታሉ። ያላነሰው ሰው ግን…»

«በቃ፣ ይበረታሉ» ብለው ኪኒኗን ዋጧት። አባቴ ሲፈልጉ ጆሯቸው ከዓረፍተ ነገር ግማሹን ብቻ ነው የሚሰማው።

በዚያ ክረምት ጉንፋን አልያዛቸውም። አዲሱን ካፖርት ከላያቸው አውልቀው እንደማያውቁ ባስታውሳቸው «ካፖርት ወታደር አለው?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የጧቷ ኪኒን ብቻዋን አልቀረችም፤ የማታ ተጨመረች። ለምን ስላቸው «ቀን ዘብ የቆመው በልቶ፣ ሌት ዘብ የሚቆመው ጦሙን ይደር?» አሉኝ። ቆይተው ደግሞ ለተጠባባቂ ጦር ብለው ሁለቱንም እጥፍ አደረጉ። ብልቃጡ ሲያልቅ እኅቴን ባሕር ዳር ልከው ሌላ አስመጡ። ይበቃል ብል፣ ይብቃዎ ብል፣ ማን ሰምቶኝ!

አንድ ጧት መቋሚያቸውን ይዘው ላብራቶሪ ድረስ መጡ።

«ወታደሮቼን አሳየኝ።»

ከጣታቸው ደም ጠብ አድርጌ፣ መስታወት ላይ አስጥቼ፣ ቀለም ቀብቼ ማይክሮስኮፑ ላይ አስቀመጥሁት። መጀመሪያ ሁለቱንም ዓይናቸውን ጨፍነው «ጨለማ ነው» አሉ። ከዚያ አገኟቸው፤ ብዙ አዩ።

«አይንቀሳቀሱምሳ?»

«ቀለሙ ሲነካቸው ይሞታሉ፣ አባየ። ለማየት እንዲመች ነው።»

ከወንበሩ ብድግ አሉ። «ይኸን ሁሉ ጊዜ ለሬሳ ነው ቀለብ የምሰፍረው?»

ምን ላድርግ፣ ሌላ ጠብታ ወስጄ ያለ ቀለም አዘጋጀሁ። ክፍሉ ብርድ ስለነበር አንዱም ንቅንቅ አላለም። መስታወቱን በመዳፌ አሙቄ መለስሁት። አባቴ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ። አንዱ ነጭ ሕዋስ ጎኑን እንደ ሊጥ ዘርግቶ ቀስ እያለ መሳብ ሲጀምር እንደ ማኅሌት ድምፅ አወጡ።

«ሄደ! ሄደ!»

ውጭ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው በሩን ሞላው። «ማነው ያመለጠው?» ይላል አንዱ። አባቴ ግን ዓይናቸውን ሳያነሡ «ይባርክህ፣ ይባርክህ» እያሉ ሕዋሱን ይመርቃሉ።

ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው! ወራት አለፉ። አፋቸው ብረት ብረት ይል ጀመር፤ «ጠላው ጸናጽል የላስሁ ያስመስለኛል» ይላሉ። ፊታቸው ገረጣ። አንድ ቀን ተስካር ተጠርተው ሄዱ። ጸሎቱ ደርሶ ወጡ ሲቀርብ፣ ሽታው አፍንጫቸውን ሲነካ፣ ከድንኳኑ ወጥተው ሮጡና ከአጥሩ ጀርባ አስመለሱ። የአገሩን ሰው ማስመለሳቸው አልገረመውም። መሪጌታ ከተስካር ምግብ ሲሸሽ ግን ታይቶ አይታወቅም። «ቡዳ በልቷቸዋል» ተባለ።

እኔ ጤና ጣቢያ ወሰድኋቸው። ደማቸውን ስመረምር ነጭ ሕዋሳቱ ሳስተውብኝ የተሳሳትሁ መስሎኝ እንደ ገና አየሁት። ያው ነው። ጤና መኮንኗ፣ ቀልድ የማታውቅ ወጣት፣ ጠየቀቻቸው።

«ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?»

«ምንም።»

«ኪኒንም አይውጡም?»

«እሱ ቀለብ ነው።»

ስንት ቀለብ እንደሆነ ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። ደማቸው ወደ ትልቅ ሆስፒታል ተልኮ እንደጠረጠረችው ሆነ፤ መዳብ አንሷቸዋል። ዚንክ ከልክ ሲያልፍ መዳብን አንጀት ላይ እንደሚያስቀረው፣ ያለ መዳብ ደግሞ ነጭ ሕዋሳት በወጉ እንደማይፈጠሩ አስረዳቻቸው።

«ለቅዳሴ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል» አሉ አባቴ ጢማቸውን እያሻሹ። «እኔ ቄሱን ሳግተለትል ዲያቆኑን በር ላይ አስቀርቸዋለሁ ማለት ነው?»

«እንደዚያ ነው» አልሁ።

«እንግዲያ መቶ ቄስ ቢቆም አይቀደስ!»

እኅቴ አባቴን ገደልሁ ብላ አለቀሰች። እሳቸው ግን «ዝም በይ፤ አንቺ በማንኪያ ሰጠሽኝ፣ በአካፋ የዛቅሁት እኔ ነኝ» ብለው እንባዋን በጋቢያቸው ጠረጉላት። ኪኒኑን በዚያው ቀን ተዉት።

ጤና መኮንኗ መዳቡን በመድኃኒት እየተካች፣ ምስር፣ ሱፍና ሰሊጥ እንዲያዘወትሩ መከረቻቸው። ይኸን ሲሰሙ አባቴ ቀና አሉ።

«የጾም ምግብ ነው እንዴ ያዘዝሽልኝ?»

«ነው።»

«አንቺስ ረቡዕና ዓርብ ትጾሚያለሽ?»

ልጅቱ ካርዳቸውን ማገላበጥ ጀመረች። አባቴ እየዳኑ ሲሄዱ፣ ወታደሮቹም በየወሩ እየበዙ ሲመጡ አየሁ። ለምርመራ በመጡ ቁጥር ግን እሷ ሳትጠይቃቸው እሳቸው ይቀድሟታል፦ «ዛሬ ምን በላሽ?» አሁን አሁን ረቡዕ ቀን የአባቴን መቋሚያ ድምፅ ከኮሪደሩ ስትሰማ ምሳ ዕቃዋን ጠረጴዛዬ ሥር ትደብቃለች።