እማ ያልተኛችበት አልጋ

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ቀን፣ አውቶቡሱ ጥሩምባውን እየነፋ ሲያጣድፈን፣ እማ ወገቧን ይዛ እንዳጎነበሰች ነው የሳመችኝ። ቀና ማለት አልቻለችም። የመደቡ ብርድ ነው። የወሎ ቦረናን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ በጭቃ መደብ ላይ ቁርበት አንጥፎ ዕድሜውን የተኛ ወገብ ምን ይተርፈዋል? «አልጋ አሠራልሻለሁ» አልኳት። «አንቺ ብቻ ደህና ሁኚ፣ ዘሃራዬ» አለችኝ።

ጂዳ ስገባ ደጁ እሳት፣ ቤቱ ደግሞ ሙከይፍ በሚሉት ማሽን የወረኢሉ ውርጭ! ምግቡን አታንሱብኝ፤ ሩዝ፣ አሁንም ሩዝ። የገብስ ቂጣ አምሮኝ አልቅሻለሁ፣ ምን ልደብቃችሁ። የአሠሪዬ የማዳም አልጋ ግን ወላሂ ዓይኔን ያዘው። አበባ የለው፣ ወርቅ ቅብ የለው፤ ቀጥ ያለ ወፍራም እንጨት፣ ራስጌና ግርጌው እንደ አጥር የተደረደረ፣ ሚስማር ሳይነካው አንዱ እንጨት ባንዱ ሆድ የገባ። «የአሠራሩ ሞድ ሚሽን ይባላል፣ እንጨቱ ኦክ፣ ካሜሪካ ነው የመጣው» ትላለች ለእንግዳ ሁሉ። እንዲህ ያለውን ለእማ አልኩ በልቤ።

አንድ ቀን ሳጸዳ አልጋውን በክር እየቋጠርኩ ስለካው ማዳም ከተፍ አለች።

«ምንድን ነው የምትቋጥሪው? ሲህር ነው፣ ድግምት?»

«ኧረ ማዳም፣ ልኬት ነው! ለእናቴ አልጋ ላሠራ።»

«እናትሽ በኔ አልጋ ምን አላት?»

«ባንቺ አይደለም፣ በራሷ…»

ክሩን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ ወስዳ አቃጠለችው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ መኝታ ቤቱን ቁርኣን በቴፕ ስታስቀራበት ሰነበተች። እኔም እኮ ሙስሊም ነኝ! እያለቀስኩ ሳቄ መጣ።

ክሩ ሲቀር በክንዴ ለካሁትና ለአገራችን አናጢ ለአያ ሁሴን ደወልኩ። ኦክ ይገኝ እንደሆን ብጠይቀው፣ «እሱን እዚያው ይተኙበት፤ እኔ ደረቅ ዋንዛ አለኝ። ልኩን ብቻ ንገሪኝ» አለ።

«ቁመቱ አምስት ክንድ፣ ጎኑ አራት ክንድ ከስንዝር።»

በማን ክንድ? እሱም አልጠየቀ፣ እኔም አልነገርኩ። እኔ ቀጫጫ ነኝ፤ የአያ ሁሴን ክንድ እንደ ሞፈር ነው። አልጋው አልቆ ሲመጣ በበር አልገባ አለ። ግድግዳ ፈርሶ ገባ፤ ቦታ እንዲያገኝ ደግሞ መደቡ ተናደ። በስልክ ስቀን ልንሞት ነበር።

ከዚያ ወዲያ «ወገብሽስ እማ?» ባልኩ ቁጥር «አልሃምዱሊላህ፣ እንደ ሙሽራ ተንጋልዬ!» ትለኛለች። ደስታዬ ለጉድ ነበር።

ማዳም ግን ያንን ክር አልረሳችውም። ሳህን በተሰበረ፣ ልጅ ባተኮሰው ቁጥር «የሲህርሽ ነው» ስትለኝ መረረኝና ጠፍቼ ወጣሁ። ያለ ኢቃማ፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ተደብቄ በየቤቱ እሠራለሁ። ብያዝ ወደ አገር ይጠርዙኛል፤ ታናሽ እህቴ ደሴ የምትማረው ደግሞ በኔ ነው። ለእማ ይህን እንዴት ልንገራት? «ለዒድ እመጣለሁ» እላለሁ፤ ዒዱ ሲያልፍ «ለመውሊድ»።

በቀደም አያ ሁሴን ራሱ ደወለ።

«እናትሽ አንድ ቀንም አልተኙበት። አንጥፈውት፣ "ባለቤቱ ዘሃራ መጥታ ትመርቀው" እያሉ ከሥሩ መሬት ላይ ነው የሚተኙት። አሁንማ በዱላ ነው የሚነሱት።»

 አዲስ ነገር ባለቤቱ ሳይመርቀው እንደማይነካ እያወቅሁ እንዴት አላሰብኩትም? መደቧን አስንጄ መሬት ላይ የጣልኳት እኔ ነኝ። ወዲያው ደወልኩላት።

«እማ፣ አልጋው ላይ ተኚ።»

«ስትመጪ፣ ልጄ። ለሁለታችን ይበቃል፤ አብረን እንተኛበታለን።»

«አልመጣም፣ እማ። ለዒድም ለመውሊድም አልመጣም። ስዋሽሽ ነው የኖርኩት። መቼ እንደምመጣ አላውቅም።»

ስልኩ ተንኮሻኮሸ። የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ።

«አለሁ» አለች። «እሺ እናቴ። እተኛለሁ። በየትኛው ጎን ልሁን?»

«መሀሉ ላይ፣ እማ» አልኳት። «መሀሉ ላይ ተኚ።»