እርጥብ ዋንዛ

ልጅ ሳለሁ ሐዋሳ ላይ ዝናብና መብራት የተኳረፉ ጎረቤቶች ነበሩ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ይወጣል። እኛ ቤት ግን መብራት ሲጠፋ ደስታ ነበር፣ ያኔ ጋሽ ዳንጊሶ ይመጡልናላ። የሰፈራችን አናጢ ናቸው፤ ከቱላ በኩል የመጡ፣ አማርኛቸው መሃል ሲዳምኛ ጣል የሚያደርጉ፣ ጣታቸው እንደ ችካል የደረቀ ሽማግሌ። የእንጨት ቁርጥራጭ ይዘው ይመጡና ፍሙ ላይ ጣል ያደርጉበታል፤ እኛም በፋኖስ ብርሃን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ተረት እንሰማለን። አንዳንዴ የምናለቅሰው ለተረቱ ይሁን ለጭሱ አይታወቅም።

አንድ ዓመት እናቴ በሕይወቷ የመጀመሪያውን ቁምሳጥን እሳቸው ዘንድ አሠራች። የሚያዝያ ሰርግ ሰሞን ስለነበር ሥራ በዝቶባቸው ነበር። እናቴ እንዳይጫርባት በላስቲክ ጠቅልላ፣ ከግድግዳው አጣብቃ፣ በእህቴ በሜሮን አልጋ ራስጌ አቆመችው። ሜሮን ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ታስላለች፤ በሳለች ቁጥር እናቴ «ብርድ ነው» ትልና መስኮቱን ትዘጋለች፣ የበሩን ሥር ሳይቀር በጨርቅ ትወትፋለች። እኔ ደግሞ ሳሏን እያስመሰልኩ አስቃታለሁ። ስትስቅ ይብስባታል።

አንድ ምሽት ጋሽ ዳንጊሶ ስለ አንድ አናጢ ጀመሩልን። ሰርግ ደረሰበትና ዋንዛውን ሳያደርቀው አልጋ ሠራበት። እንጨቱ ግን ገና አልሞተም ነበር፤ ጠማው። መጀመሪያ የግድግዳውን ውሃ ጠጣ፣ ነጭ ፀጉር አበቀለ። ቀጥሎ የልብሱን ጠረን ወሰደ።

«ከዚያ ቤት ውስጥ ትንሿን ትንፋሽ ፈለገ...» አሉ።

ያኔ ሜሮን ከጓዳ ስታስል ተሰማ። ረጅም፣ መጨረሻው የሚያፏጭ ሳል።

«ከዚያስ ጋሼ?» አልኩ።

ፋኖሱን አንስተው ወደ እናቴ ዞሩ። «አልማዝ፣ ያ ቁምሳጥን የት ነው ያለው?»

«ልጅቷ ጋ። ምነው?»

«እስቲ እንሳበው።»

«ኧረ ጋሼ፣ ላስቲኩ ይቀደዳል!»

ሳቡትና ላስቲኩን ገለጡት። ከጀርባው ሻጋታው ከታች እስከ ላይ ወጥቷል፤ አረንጓዴ፣ በላዩ ነጭ ፀጉር ያለው፣ የሜሮን ራስ በሚያርፍበት በኩል ደግሞ ወፈር ያለ። እናቴ አፏን ያዘች። እሳቸው እንጨቱን በጥፍራቸው ጫን አሉት፤ ጥፍራቸው ረጠበ።

«ነገ ደጅ አውጥተን በአቼቶ እንጠርገዋለን። እስከዚያ ማንም እንዳይነካው፣ ልጅቷም እዚህ እንዳታድር።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ቀልደኛ፣ ሰምተሻል?»

ሰምቻለሁ። ጠዋት እናቴ አቼቶ ልትገዛ ፒያሳ ስትሄድ ግን ቀድሜ ጨርሼ ልመሰገን አሰብኩ። የልብስ ብሩሽ ይዤ ገባሁ፤ ሜሮንም ተከተለችኝ።

«አባባን ጺማቸውን ልላጫቸው ነው» አልኳት፣ ቁምሳጥኑን እያሳየኋት።

መስኮቱ ዝግ ነው። ብሩሹን ባሳረፍኩ ቁጥር ሻጋታው እንደ ዱቄት ይቦናል። ሜሮን በሳቅ ትፈርሳለች፤ እኔም ይበልጥ እንድትስቅ ይበልጥ እፈትጋለሁ። ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። አፏ ክፍት ነው፣ ድምፅ የለም። ከንፈሯ ጠቆረ። እየቀለደች መስሎኝ ትንሽ ቆየሁ። ያቺ ትንሽ ጊዜ እስከ ዛሬ አላለቀችልኝም።

ያገኙን ጋሽ ዳንጊሶ ናቸው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ለሥራው ሲመጡ። አፈፍ አድርገዋት ወደ ዝናቡ ሮጡ፣ ጋሪ አስቆሙ። እኔ ከኋላ ተንጠለጠልኩ። በሲዳምኛ የሆነ ነገር እያሉ፣ ምስማር በአንድ ምት በሚያስገባው እጃቸው ጀርባዋን ያሹላት ነበር።

ሜሮን ሆስፒታል አምስት ቀን ተኝታ ተረፈች። ስትወጣ ቁምሳጥኑ ደጅ ፀሐይ ላይ ቆሟል፤ ጋሽ ዳንጊሶ ጨርቁን አቼቶ እየነከሩ፣ እንዳይቦን ቀስ እያሉ፣ ይጠርጉታል።

«የእኔ ጥፋት ነው ጋሼ» አለች እናቴ። «ያን ላስቲክ ባልጠቀልልበት፣ መስኮቱን ባልዘጋ...»

«እርጥብ እንደነበር አውቅ ነበር፣ አልማዝ» አሏት፣ ቀና ሳይሉ። «ሰርግ ደረሰ ብዬ ነው። ከዚያው የዋንዛ ጭነት ሌላ ሰባት ቁምሳጥን ሠርቻለሁ።»

እናቴ ያኔ ቁጭ አለች።

ከዚያ ወዲያ መብራት ቢጠፋም ተረት ሊነግሩን አልመጡም። ክረምቱን ሙሉ አቼቶና ጨርቅ በፌስታል ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ አያቸው ነበር፤ በር ያንኳኳሉ፣ ልጅ እንዳለ ይጠይቃሉ፣ ቁምሳጥን ይስባሉ። ስድስቱን አገኙ። ሰባተኛውን የወሰዱት ሙሽሮች ግን ቤት ቀይረዋል። የት እንደሄዱ የሚያውቅ ጠፋ። ጎረቤት የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሙሽራዋ እርጉዝ ነበረች።

ጋሽ ዳንጊሶ ካረፉ ቆይተዋል። ሜሮን ዛሬ ታቦር ላይ ቤቷን ይዛ ትኖራለች፤ ስትቆጣ ሰፈሩ ይሰማታል፣ እኔም ዝም ብዬ እሰማታለሁ፣ ደስ እያለኝ። እኔ ዘንድ የቀረው መጥፎ አመል ነው። ሰው ቤት ስገባ ሳልቀመጥ አሸታለሁ። አሮጌ የዋንዛ ቁምሳጥን ካየሁ እጄን ከጀርባው እሰዳለሁ። «ወርቅ ደብቀሽ ነበር እንዴ?» ይሉኛል፣ አብሬ እስቃለሁ። ያ ልጅ ተወልዶ ከሆነ አሁን ትልቅ ሰው ነው። አልጋውን ከዚያ ቁምሳጥን በየት በኩል አድርገውለት እንደነበር የምጠይቀው ሰው የለኝም።